አቶ ተጽፏል በጨለማ ያነበቡት

ምኩራብ ባለበት ሁሉ አንድ ነቢይ አይጠፋም። የማኅበር ጸሎት እንዲቆም አሥር ሰው መሙላት አለበት፤ ከአሥሩ አንዱ መምህሩ ናቸው፣ ስምንቱ ቶሎ ጨርሰው ወደ ሥራቸው መሮጥ የሚፈልጉ ናቸው፣ የቀረው አንዱ ግን የዓለምን መጨረሻ ያውቃል። ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጡረተኛ ነው። ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፣ ከሁሉ ኋላ ይወጣል፣ በመካከሉም ያገኘውን ሰው ክንድ ይይዛል። አንተም ታውቀዋለህ፤ አንድ ቀን ለትሕትና ያህል «እንዴት አደሩ?» ብለኸው ከሥራ አርፍደሃል።

በእኛ ሰፈር የመነጽር ሠሪው ዕጣ ከሁሉም የከፋ ነበር፤ ሱቁ ከምኩራቡ ፊት ለፊት ነውና። ሰው በጎደለ ቁጥር የሚጠራው እሱ ነው፤ ሊጠሩት መንገዱን ተሻግረው የሚመጡትም ያው ነቢዩ ናቸው። ከጸሎት በኋላ ደግሞ ኮቴውን ተከትለው ሱቁ ይገቡና የዓይን መመርመሪያው ወንበር ላይ ይሰየማሉ። ደንበኛ ሲመጣ እንኳ የሚነሡት እያጉረመረሙ ነው።

ክቡርነታቸው ነቢዩ በጉልበታቸው ዘመን አሳንሰር ጠጋኝ ነበሩ። መለዋወጫ እስኪመጣላቸው ድረስ አሳንሰሩ በሚወርድበት ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብለው በባትሪ ብርሃን ነቢያትን ሲያነቡ ኖረዋል። እሳቸው ሲያነቡ ከበላያቸው ስንት ሰው ተቀርቅሮ እንደ ጠበቀ እግዜር ይወቀው። ግራሶው ከጣታቸው ለዘላለም አልለቀቀም፤ ያንን ጥቁር ጣት ወደ ጣሪያው ቀስረው «ተጽፏል!» ሲሉ የሰማ ሁሉ ሌላ ስማቸውን ረሳ። አቶ ተጽፏል ተብለው ቀሩ።

ምን ያልተጻፈ ነገር አለ? ውኃ ሲጠፋ ተጽፏል። ሽንኩርት ሲወደድ ተጽፏል። ከአሥሩ የጸሎት ሰዎች አንዱ የሆነው የጥርስ ሐኪም ሚስቱ ተቀይማ እናቷ ቤት የገባች ጊዜ፣ አቶ ተጽፏል ሐኪሙን በር ላይ ጠብቀው ይህም በነቢያት እንደ ተነገረ አበሠሩት።

«የኔ ሚስት ስም ነው የተጻፈው?» አለ ሐኪሙ፣ ደሙ እየፈላ።

«ስሟማ አልተጻፈም» አሉ ረጋ ብለው። «ጠባይዋ ነው የተጻፈው።»

ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን ቆፍሮ የተወ ጊዜ ግማሽ ቀን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመው ለሠራተኞቹ ትርጓሜውን ሰጡ። ሠራተኞቹ አምነው ይሁን ሰልችተው፣ ሄደው አልተመለሱም፤ ጉድጓዱም እንዳፈጠጠ አለ። ጎግ የተባለው የመጨረሻው ዘመን ጠላት ማን እንደሆነ ደግሞ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ መጀመሪያ አንድ ሩቅ ንጉሥ ነበር፣ ቀጥሎ መብራት ኃይል ሆነ፣ ኋላ ላይ ጠቦ ጠቦ የቤት አከራያቸው ላይ ደረሰ። አንድ ሰሞን የምድር መናወጥ በማክሰኞ እንደሚሆን አስታውቀው ሰፈሩ ሁሉ ብርጭቆውን ከመደርደሪያ አወረደ። ማክሰኞ መጥቶ ሄደ። ረቡዕ ጠዋት መነጽር ሠሪው «እህሳ ጋሼ?» ሲላቸው፣ ሳይደነግጡ «ተራዝሟል» አሉት። እውነቱን ለመናገር ሰውየው አንድም ቀን ልክ ሆነው አያውቁም፤ ሰውም በሰላም የሚተኛው በዚህ ተማምኖ ነበር።

አንድ ሕግ ግን ነበራቸው፤ በሱ ቀልድ የለም። በምኩራብ ከነቢያት ሲነበብ ንባቡ በክፉ ቃል ላይ አያበቃም። አንባቢው ተራው ሳይደርስ ዓይኑን ወደ ታች ሰደድ አድርጎ የት እንደሚያቆም ያያል፤ ጥፋት ላይ የሚወድቅ ከሆነ አንድ መልካም ቃል እስኪያገኝ ያልፋል፣ ከሌለም ወደ ኋላ ተመልሶ መልካሙን ይደግማል። ይህ የቆየ ደንብ ነው፣ ሁሉም ያከብረዋል። አቶ ተጽፏል ግን ከምኩራብ አውጥተው አደባባይ አዋሉት። በሱቁ ውስጥ አንዲት እናት ቀኝ ዓይናቸው እየደከመ መሆኑን መነጽር ሠሪው ሲነግራቸው፣ ከጥግ አንድ ድምፅ ይጮሃል፦ «በዚህ አይቆምም! ጨምርበት!»

«ግራ ዓይንዎ ግን የልጃገረድ ዓይን ነው» ይላል መነጽር ሠሪው፣ ጥርሱን ነክሶ።

«ይኸው!» ይላሉ ክቡርነታቸው፣ ወንበሩ ላይ ተመቻችተው።

እንግዲህ ያ ክፉ ሰሞን መጣ። መጀመሪያ ድምፁ ብቻ ነበር። ቀትር ላይ ከየት እንደሆነ የማይታወቅ እምምም የሚል ድምፅ ከሰማዩ ይሰማል፤ ቀና ሲሉ ምንም የለም፤ አንገት ሲደፉ ደግሞ ይቀጥላል። ከዚያ የመንገድ መብራቶች በጠራራ ፀሐይ በርተው መዋል ጀመሩ፤ የሚያጠፋቸው ሰው የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም። የሰፈሩ ውሾች የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያው ሳይረን ከመጮሁ ትንሽ ቀደም ብለው ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም ይላሉ። ሰው ሳይረኑን ትቶ የውሾቹን ዝምታ መጠበቅ ያዘ። ሱቆች መስታወታቸው ላይ ፕላስተር ለጠፉ፤ መነጽር ሠሪውም ለጠፈ። ከፕላስተሩ በስተጀርባ የተደረደሩት ባዶ የመነጽር ክፈፎች መንገዱን ሲያዩ የሚውሉ ይመስሉ ነበር፤ በፊት ይህን ልብ ብሎት አያውቅም።

ጸሎቱም ጥናቱም ወደ ምኩራቡ ምድር ቤት ወረደ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ዳዊት ይደገማል፣ ከዚያ ከነቢያት በተራ ይነበባል። ሰው መሙላት ቀርቶ ወንበር ጠፋ፤ ከሠርጋቸው ቀን ወዲህ በዚያ በር ያላለፉ ሰዎች ሁሉ መጡ። አቶ ተጽፏል ምን ያህል እንዳበቡ አትጠይቁኝ። ትናንት ሲያዩዋቸው መንገድ ይቀይሩ የነበሩ ሰዎች ዛሬ እጅጌያቸውን ይዘው «እስቲ ምን ይላል?» ይሏቸዋል። ፂማቸውን አበጠሩ። መነጽር ሠሪው ይህን ደስታቸውን ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር፤ እሱ የሚፈራለት ሰው ነበረው፣ እሳቸው ግን ወንደላጤ ናቸው።

የሚፈራለት አንድ ልጁ ነው፤ ወደ ወደቡ የሚሄደውን አውቶቡስ ይነዳል። አንድ ቀን ማለዳ እንደ ወትሮው ወጣ። ወደቡ ሲደርስ መደወል ልማዱ ነው፤ አልደወለም። ሲደውሉለትም ያቺ ተቀድታ የተቀመጠች ሴት በለዘበ ድምፅ ሊገኝ እንደማይችል ትናገራለች። ከሰዓት በኋላ ውሾቹ ዝም አሉ፤ ሳይረኑም ተከተለ።

«ነይ እንውረድ» አላት ሚስቱን።

«አንተ ሂድ። ምድር ቤት ኔትወርክ የለም» አለች፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሳትነቃነቅ። «ሂድና ጸልይለት። እኔ ከዚህች መስኮት ንቅንቅ አልልም።»

ወረደ። ዳዊት ተደገመ፤ መጽሐፉ ዞረ፤ ተራው ደረሰ። ስልኩ በግራ እጁ ነበር። እንደማይሠራ እያወቀ ዓይኑን ከሱ መንቀል አልቻለምና የት እንደሚያቆም ሳያይ ማንበብ ጀመረ። በልጅነቱ እንኳ ያልሠራው ስሕተት ነው። ክፍሉ ስለ ባዶ መንገዶች ይናገራል፤ ጎዳናዎች ተዘጉ፣ መንገደኛውም ጠፋ። እዚህ ቃል ላይ መብራቱ ድርግም አለ።

ቀጥሎ ከመሬት በታች የመጣ የመሰለ ጉምታ ተሰማ። የቅርብም አይደለም፣ የሩቅም አይደለም። ከጣሪያው የኖራ ብናኝ ወረደ። መምህሩ መልካም ቃል ሊደግሙ አፋቸውን ከፈቱ፤ ብናኙ ጉሮሯቸውን ያዘውና ሳል ብቻ ወጣ። ያን ሁሉ ዘመን ሲያነቡ የኖሩ ሰዎች በዚያ ጨለማ አንዲት መልካም ቃል ከአፋቸው ማውጣት አቃታቸው፤ በክፍሉ ውስጥ የቀረው የመጨረሻ ቃል የመነጽር ሠሪው ነው። መንገደኛው ጠፋ። ልጄን በአፌ ገደልኩት ብሎ አሰበ።

ያኔ አንድ ድምፅ ማንበብ ጀመረ። ማንበብ ነው የሚባለው፤ እንደ ንባብ ነበር፣ ሳይቸኩል፣ ቃል በቃል።

«መንገደኛው ግን ይመለሳል። ሠረገላውን በውኃ ዳር ይተዋል፥ ጫማውንም በእጁ ይይዛል፥ በአባቱም ደጅ ቆሞ ውኃ ይለምናል።»

የአቶ ተጽፏል ድምፅ ነው፤ ግን ያ የሚያደነቁረው ድምፃቸው አይደለም። ዝቅ ያለ፣ የወጣት ድምፅ ነበር። በኋላ ሰዎቹ ድምፁ ከየት እንደ መጣ መስማማት አልቻሉም። ሐኪሙ ከበሩ ውጭ ነው የመጣው ብሎ ይምላል። መምህሩ ከራሳቸው በላይ ሰሙ። መነጽር ሠሪው ደግሞ ከጆሮው ሥር፣ ትንፋሹ ሁሉ እየተሰማው ነው የሰማው፤ መብራቱ ሲመጣ ግን አቶ ተጽፏል ከእሱ ራቅ ብለው በዚያኛው ጥግ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ተጨፍኗል፤ ጣታቸው አልተቀሰረም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «ተጽፏል» አላሉም።

መነጽር ሠሪው ወዲያው መጽሐፉን አየ። ከጠፋው መንገደኛ ቀጥሎ ያለው ሌላ ዋይታ ነው። ገለጠ። ከፊቱም ከኋላውም የለም።

«መምህር፣ ያ ጥቅስ የት ነው ያለው?»

«እኔም እየፈለግኩት ነው» አሉ መምህሩ፣ ቀና ብለው ሳያዩት። ሌላ ገጽ ገለጡ።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ የተባለውን ነገራት። በመጽሐፉ ውስጥ እንደሌለ አልነገራትም። እሷም ማሰሮ ውኃ ሞልታ ከነብርጭቆው ደጃፉ ላይ አኖረች። እሱ ሌንስ የሚመረምርበትን ማጉያ ዓይኑ ላይ ደግኖ ነቢያቱን ከዳር እስከ ዳር አሰሰ፤ ሠረገላ አገኘ፣ ጫማ አገኘ፣ ውኃም በየቦታው አገኘ፣ አንድ ላይ ግን አላገኛቸውም። አመሻሹ ላይ ወሬው መጣ። የወደቡ መንገድ ድልድይ ተመትቷል። በላዩ የነበሩት መኪናዎች ስንት እንደሆኑ አልታወቀም። ሚስቱ ይህን ስትሰማ ተነሥታ የማሰሮውን ውኃ በአዲስ ቀየረች፤ ያን ጊዜ ነው መነጽር ሠሪው ያለቀሰው።

ልጁ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። አላንኳኳም፣ ደጃፉ ላይ ያለውን ማሰሮም አላየም። እናቱ በሩን ስትከፍት አፈር ለብሶ ቆሞ አገኘችው፤ ጫማው በእጁ ነው፤ እግሩ አብጦ ድንች መስሏል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ቃል አልወጣለት አለ፣ በመጨረሻ የወጣለትም አንድ ቃል ነው።

«ውኃ።»

ወደቡ ላይ ስልክ ስላልሠራ ሳይደውል ነበር የተመለሰው፤ በመልሱ ድልድዩ ጋ ሲቃረብ የፊቱ መኪና በድንገት ቆሞበት፣ ነገሩ አላምር ብሎት እሱም አውቶቡሱን ወንዙ ዳር አቁሞ ተሳፋሪዎቹን አስወርዶ ነበር። ከጉምታው በኋላ መልካው ላይ በእግር ተሻገሩ፤ ጫማው በእጁ የተገኘውም በዚህ ነው፣ ከተሻገረ በኋላ እግሩ አልገባ ስላለው። መነጽር ሠሪው በልቡ ብዙ ተሟገተ። ወንዝ የሚሻገር ሰው ሁሉ ጫማውን ያወልቃል፣ ቀኑን ሙሉ የሄደ ሰው ሁሉ ይጠማል። እውነት ነው። ግን ጥቅሱ በተሰማ ጊዜ ስለ ድልድዩ የሚያውቅ ሰው በዚያ ምድር ቤት አልነበረም።

ሰፈሩ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሊል ሲጎርፍ አቶ ተጽፏልም መጡ። ከደጃፉ ጥግ የተቀመጠውን ጭቃ የነካው ጫማ አዩ። ቆሙ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አጥልቀው፣ ማንንም ሳይሳለሙ፣ የመጡበትን መንገድ ይዘው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ከሳይረኑ ይልቅ ሰፈሩን አስጨነቀው። አቶ ተጽፏል ዝም አሉ። ለጸሎት ይመጣሉ፣ ቁጥሩን ይሞላሉ፣ ይሄዳሉ። ሳይረን ይጮሃል፣ ዝም። መብራት ይጠፋል፣ ዝም። እምምም የሚለው ድምፅ ቀትር ላይ ይመጣል፣ እሳቸው ጫማቸውን ያያሉ። ሰዎች በሹክሹክታ «ምን ቢያውቁ ነው?» ይባባሉ ጀመር። በመጨረሻ የጥርስ ሐኪሙ አላስቻለውም።

«ጋሼ፣ እስቲ ስለዚህ ሰሞን ነገር ምን ይላሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አሉ።

ሐኪሙ እንዲህ ያለ ቃል ከእሳቸው አፍ ሰምቶ አያውቅም። በቀጥታ ቤቱ ሄዶ፣ ታርቃ የተመለሰችውን ሚስቱን ሰፈሩን ለቀን እንሂድ ብሎ ሻንጣ አስያዛት።

አንድ ቀን መነጽር ሠሪው ሱቁን ሊዘጋ ሲል አቶ ተጽፏል ገቡ። በሩን ከኋላቸው ገጠም አደረጉት። ወንበራቸው ላይ አልተቀመጡም።

«ሰው አለ?»

«የለም ጋሼ። ምነው፣ ይቀመጡ እንጂ።»

«ያ… በጨለማ ያልኩት ነገር። መጽሐፉ ውስጥ አለ?»

«እርስዎ አላዩም እንዴ?»

«ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ገልጬ አላውቅም» አሉ። «እፈራለሁ፣ ልጄ። የዚያን ቀን አንተን ላጽናና ብዬ ነው አፌን የከፈትኩት። ጥሩ ቃል ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ፤ ያን ሁሉ ዘመን ያነበብኩት ከጭንቅላቴ ጥርግ ብሎ ጠፋ። ከዚያ አየሁት። አንተን አሁን እንደማይህ ነው ያየሁት፣ ልጅህን፣ ጫማውን ይዞ። ያየሁትን ነው ያነበብኩት።»

መነጽር ሠሪው የሱቁን ቁልፍ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ነቢይ መሆን ስመኝ ኖርኩ» አሉ አቶ ተጽፏል። «አሁን አልፈልግም። ልጁ በደኅና ሲመጣ አየሁ፤ እሰየው። ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ሳይመጣ ሲቀር ባየውስ? ዓይኔን መክደን አቃተኝ እኮ። እንቅልፍ ካየሁ ስንት ጊዜዬ። እና ንገረኝ፤ አለ ወይስ የለም?»

ያ ጥቁር ጣታቸው የመደርደሪያውን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ነበር። መነጽር ሠሪው በሥራው ውሸት የማያውቅ ሰው ነው። ደንበኛ ግድግዳው ላይ ያላየውን ፊደል አየሁ ሲለው አይለቅም፤ «አላዩትም» ብሎ ፊት ለፊት ይነግራል። ይህ ሽማግሌ ለስንት ዓመት እንዳሰለቹት፣ ሱቁ ሲገቡ ስንቴ በልቡ እንደ ረገማቸው ያውቃል። እንደሚወዳቸው ግን ያወቀው አሁን፣ ፈርተው ሲያያቸው ነው።

«አለ» አላቸው።

«አለ?»

«አለ እንጂ። በማጉያዬ ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ከአንዱ ነቢይ መጨረሻ አካባቢ፣ እንደዋዛ ገብቶ የተቀመጠ ነገር ነው፤ ዓይን ያልፈዋል። እርስዎ ድሮ ጉድጓድ ውስጥ ሆነው አንብበውት ይሆናል፤ ረስተውት ነው እንጂ።»

አቶ ተጽፏል መደርደሪያውን ለቀቁ። ትከሻቸው ቀስ እያለ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ከዚያ ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር በራ።

«ረስቼው? እኔ?» አሉ። «ምን ትላለህ አንተ! ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የማውቀው ጥቅስ ነው! አንተ ገና አሁን ማግኘትህ ነው?»

የዓይን መመርመሪያው ወንበር ላይ ተሰየሙ፤ እግራቸውን አነባብረው ሠረገላው ምን ማለት እንደሆነ፣ ጫማው የየትኛውን መንግሥት መውደቅ እንደሚያመለክት፣ ውኃውም ለምን ከጉድጓድ እንጂ ከቧንቧ እንዳልሆነ ያስረዱት ጀመር። አብዛኛው ስሕተት ነበር። መነጽር ሠሪው የቆመበትን ትቶ ከፊታቸው በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፤ ካወቃቸው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ቃል አልተከራከራቸውም።